የኀዘን ዜማ ስለ ምን ይጥመናል?

በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ጥያቄ ከመጽሐፍ ያገኘሁት አይደለም፤ ከለቅሶ ቤት ይዤው የመጣሁት ነው። እስካሁንም ሳልጽፈው የቆየሁት ነገሩ ስለሚያሳፍረኝ ነበር። ነገር ግን ከመካከላችሁ እንደ እኔ የሆነበት አይጠፋም ብዬ ስላሰብሁ ሳልደብቅ ልናገር።

ባለፈው ክረምት ዩኒቨርሲቲው ለዕረፍት ሲዘጋ፣ ወላጆቼ ወደሚኖሩባት ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብላ ወደምትገኝ ትንሽ ከተማ ሄጄ ነበር። በገባሁ በሳምንቱ አብሮ አደጌ የነበረው የጎረቤታችን ልጅ በሦስት ቀን ሕመም ሞተ። ዕድሜው ሃያ አራት ነበር። አንድ ላይ ወንዝ የወረድን፣ አንድ ላይ ፊደል የቆጠርን ነን። በለቅሶው ላይ ከገጠር የመጡ፣ ሙሾ በማውረድ በአካባቢው የታወቁ አንዲት አልቃሽ ነበሩ። እኒህ እናት ወደ ግቢው ሲገቡ ከቤቱ ደፍ አጠገብ የተቀመጠውን የልጁን ጫማ አዩ። ልጁ ከመታመሙ በፊት ለእሑድ ቅዳሴ ብሎ ቅዳሜ ማታ ወልውሎ ያስቀመጠው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያነሣው ሰው አልነበረም። እሳቸውም ጫማውን ብድግ አድርገው፣ ለሕዝቡ ከፍ አድርገው አሳይተው፣ በዚያ በሻከረ ድምፃቸው እንዲህ ሲሉ አወረዱ፤

ጫማህን ወልውለህ ከደጃፍ አኑረህ፣
ባዶ እግርህን ሄድህ ወዴት ተቻኩለህ?

ግቢው በለቅሶ ተናወጠ። እኔም አለቀስሁ፤ እንባዬ የውሸት አልነበረም። ነገር ግን በዚያው በለቅሶዬ መካከል አንድ ጣፋጭ ነገር ከጀርባዬ ተነሥቶ እስከ ማጅራቴ ሲወጣ ተሰማኝ። አፌ «ወንድሜን» እያለ ልቤ ግጥሙን እንዳይጠፋው ይደጋግም ነበር። ይባስ ብሎ አልቃሽዋ ትንፋሻቸውን ሲሰበስቡ፣ «አሁን ደግሞ ምን ይሉ ይሆን?» እያልሁ ቀጣዩን እጠብቅ ነበር። እናቱ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ከእኔ ሁለት ክንድ ያህል ርቀው መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ እኔ ስለ ልጃቸው ሞት በተነገረው ቃል እየተደሰትሁ ነው። «ደስታ» የሚለው ቃል ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ሌላ ስም አላገኘሁለትም።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በወዳጁ ሞት የሚደሰት ሰው ሆኜ እንደ ሆነ ራሴን ጠየቅሁ። አይደለሁም ካልሁ ደግሞ፣ የጣመኝ ምን ነበር?

ነገሩን ሳስበው የእኔ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። በዩኒቨርሲቲው መኝታ ክፍላችን ስድስት ሆነን ነው የምንኖረው። አንደኛው ጓደኛችን ዐቢይ ጾም በገባ ቁጥር ማታ ማታ ስልኩን ከራስጌው አድርጎ በገና ይሰማል። አሥሩ የጅማት አውታር፣ በድልድዩ ላይ በተደረገችው ቁራጭ ቆዳ፣ በእንዝራው ምክንያት እንደ ንብ እየተመመ፣ ስለ ሞትና ስለዚህ ዓለም ከንቱነት ሲናገር አንዳችንም ዝጋው አንለውም። ሌላው ፈተና ሲደርስ ትዝታ ካልሰማ ማጥናት አይሆንለትም። ኀዘን ራሱ በር ቢያንኳኳ ግን «አያምጣው» ብለን የምናማትብ እኛው ነን። የምንሸሸውን ነገር፣ ዜማ ለብሶ ሲመጣ ወንበር ስበን እናስቀምጠዋለን።

በዚህ የተገረመ የመጀመሪያው ሰው እኔ አይደለሁም። አውግስጢኖስ በአራተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በጻፈው «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ፣ ልክ በእኛ ዕድሜ በካርቴጅ ከተማ ተማሪ ሳለ ቴአትር መመልከት ይወድ እንደ ነበር ይናዘዛል። በራሱ ላይ ሊደርስበት የማይፈልገውን መከራ በመድረክ ላይ እያየ ሊያዝን የሚፈልገው፣ ኀዘኑም ራሱ ደስታ የሚሆንለት ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ብሎ ይጠይቃል። ከሁሉ ይልቅ እኔን የወጋኝ ግን አንድ ነጥቡ ነው፤ ተመልካቹ ኑና አልቅሱ ይባላል እንጂ ኑና እርዱ አይባልም ይላል። ወደዚህ ነጥብ በኋላ እመለሳለሁ።

ብዙ ሰው በቀላሉ የሚሰጠው መልስ፣ በዜማ ውስጥ ያለው ኀዘን እውነተኛ ኀዘን ስላልሆነ አይጎዳም፤ በሥዕል ላይ ያለ እሳት እንደማያቃጥል ማለት ነው፤ የሚል ነው። ለቴአትርና በስልክ ለሚሰማ ዘፈን ይህ ይበቃ ይሆናል። እኔ የነበርሁበት ግን ሥዕል አልነበረም። ሬሳው ከቤት የወጣው በዚያው ዕለት ነው።

ሁለተኛው መልስ በእናቶቻችን አፍ ያለው ነው፤ «አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» ይላሉ። የግሪኩ ፈላስፋ አርስጣጣሊስም ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት ስለ ቴአትር ሲጽፍ፣ ርኅራኄንና ፍርሃትን ቀስቅሶ ስለሚያነጻ ነገር ተናግሯል፤ ቃሉም ካታርሲስ ነው። በዘመናችንም ዴቪድ ሂዩረን የተባለ የሙዚቃ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2011 አንድ መላ ምት አቅርቧል፤ የኀዘን ዜማ ስንሰማ ሰውነታችን እውነተኛ መከራ የደረሰበት መስሎት ፕሮላክቲን የተባለውን የሚያጽናና ንጥረ ነገር ያወጣል፤ መከራው ስለሌለ መጽናናቱ ብቻ ይተርፈናል የሚል ነው። ፕሮላክቲን በእናቶች ጡት ወተት እንዲያቀርር የሚያደርገው ያው ነው። ሐሳቡ ያምራል፤ እኔ ግን ከሁለቱም ጋር የምጣላበት ነገር አለኝ። ሸክም የሚያወርድ ሰው ደስ የሚለው ካወረደ በኋላ ነው። እኔን የጣመኝ ግን ለቅሶው ገና ሽቅብ ሲወጣ፣ ሸክሙም ከሁሉ ጊዜ ይልቅ በከበደበት ሰዓት ነው። መከራው የለም ተብሎም ሰውነቴ አልተታለለም፤ መከራው ነበር።

ሦስተኛው መልስ ይበልጥ ይቀርበናል። እ.ኤ.አ. በ2014 ሊላ ታሩፊና ስቴፋን ኬልሽ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች 772 ሰዎችን የኀዘን ሙዚቃ ስትሰሙ ምን ይሰማችኋል ብለው ጠይቀው ነበር። ብዙ ጊዜ የተጠቀሰው ስሜት ኀዘን አልነበረም፤ ያለፈውን መናፈቅ ነበር። ይህን ሳነብ ሣቅሁ። የእኛ ሰው ለዚህ ነገር ከጥንት ጀምሮ ስም አውጥቶለታል፤ ስሙም ትዝታ ነው። ትዝታ የማስታወስ ስም ነው፤ የቅኝት ስም ነው፤ የዘፈንም ስም ነው፤ እንደ ባቲ፣ እንደ አምባሰልና እንደ አንቺ ሆዬ ሁሉ በማሲንቆ ወይም በክራር ገና ሲቃኝ ሰሚው የት እንደሚወሰድ ያውቀዋል። እንግዲህ ተመራማሪዎቹ በጥያቄ የደረሱበትን አዝማሪ በክራር አንገት ላይ ያውቀው ነበር ማለት ነው። ሆኖም ይህም ቢሆን ግማሽ መልስ ነው። ማስታወስ ሁሉ አይጣፍጥም፤ የሚያንገበግብ ማስታወስም አለ። እናቱ ያን ሌሊት ሲያስታውሱ ያደሩት አልጣፈጣቸውም።

ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? ብዙ ከተጨነቅሁ በኋላ ብርሃን የሰጠኝ ዳዊት ነው። በሁለተኛው መጽሐፈ ሳሙኤል ምዕራፍ 1 ዳዊት ሳኦልና ዮናታን መሞታቸውን ሲሰማ ልብሱን ቀደደ፤ እስከ ማታም ጾመ፤ አለቀሰም። ይህ ለቅሶ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ሙሾ አወጣ፤ የይሁዳም ልጆች ያን ሙሾ እንዲማሩት አዘዘ። እስቲ ልብ በሉ፤ ሙሾውን ያላወጣ፣ ዮናታንን ያላየ ልጅ ሁሉ ተቀምጦ እንዲያጠናው ነው። ሰቆቃወ ኤርምያስም እንዲሁ ነው። ኢየሩሳሌም ፈርሳ፣ ሕፃናት በየአደባባዩ በረኀብ ሲያልቁ የተነገረ ለቅሶ ነው፤ ነገር ግን በዕብራይስጥ አንደኛው፣ ሁለተኛውና አራተኛው ምዕራፍ እያንዳንዳቸው ሃያ ሁለት ቁጥሮች ሲሆኑ የየቁጥሩ መነሻ በሃያ ሁለቱ ፊደላት ተራ የሄደ ነው። አገሩ የተቃጠለበት ሰው ፊደል ሲደረድር ምን ትሉታላችሁ? ልቡ ደንድኖ ነው? አይመስለኝም። ኀዘን ለብቻው ሲተው መነሻና መድረሻ የለውም፤ ሰውን እንደ ጎርፍ ይዞት ይሄዳል። ፊደሉ፣ ቤት መምቻው፣ ዜማው ግን ዳር ዳር ሆነው ያቆሙለታል። ያን ጊዜ ሰው ኀዘኑን ከውጭ ሆኖ ያየዋል፤ ሌላውም አብሮት ማየት ይችላል።

ያ ጫማ ከደፉ አጠገብ የነበረው ከቅዳሜ ጀምሮ ነው። እኔ በእነዚያ ቀናት ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ አልፌው ገብቻለሁ፤ አላየሁትም። ባሕር ማዶ ቢሄድ እንኳ ጫማው ሳይወለወል የማይወጣ ልጅ መሆኑን፣ በትምህርት ቤት ሳለን ጭቃ እንዳይነካው ድንጋይ ለድንጋይ ይዘል እንደ ነበር ረስቼው ነበር። አልቃሽዋ ልጁን በሕይወቱ አንድ ቀን አይተውት አያውቁም፤ ነገር ግን በሁለት ስንኝ አቆሙልኝ። እንግዲህ የደረስሁበት ይህ ነው፤ የጣመኝ ሞቱ አልነበረም፤ እሱ ራሱ ነው። ባዶ እግሩን መሄዱን በሰማሁ ጊዜ የመጣልኝ ልጅ በሦስቱ የሕመም ቀናት ካየሁት ልጅ ይልቅ ሕያው ነበር።

ይህን ጽፌ ባቆም ደስ ባለኝ። ግን ራሴን ቶሎ ነጻ ያወጣሁ መሰለኝ። ምክንያቱም ጣዕሙ ከሰውየው ተለይቶ ብቻውን ሊቀር ይችላል።

የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። በስድስተኛው መቶ ዓመት በአክሱም፣ በአፄ ገብረ መስቀል ፊት ቆሞ ሲዘምር፣ ንጉሡ በዜማው ተመስጦ የያዘውን ጦር በቅዱሱ እግር ላይ ተክሎት ነበር፤ ደሙ እስኪፈስስ ድረስ ሁለቱም አላወቁም ይባላል። ይህን የሚነግሩን የዜማውን ጥልቀት ሊያስረዱን ነው፤ እውነት ነው። እኔ ግን ከዚያ ለቅሶ በኋላ ትኩረቴ በንጉሡ እጅ ላይ ሆነ። ያሬድ የራሱን ሕመም ቢረሳ ጸጋ ነው። ጦሩን የያዘውስ? ዜማ ጥሞኝ ዓይኔን ጨፍኜ በምሰማበት ሰዓት የእኔ ጦር በማን እግር ላይ ተተክሎ ይሆን? ባለፈው ዓመት በጆሮ ማዳመጫ ስለ እናት የተዘፈነ እንጉርጉሮ እየሰማሁ ትራሴን በእንባ ያራስሁበት ሌሊት ነበር፤ በዚያን ጊዜ ለእናቴ ስልክ ከደወልሁ ከወር በላይ ሆኖኝ ነበር። አውግስጢኖስ ኑና እርዱ አይባልም ያለው ይህንኑ ነው።

በቤተ ክርስቲያንም ከዚህ አላመለጥሁም። በስቅለት ዕለት ስግደቱ ሲጀመርና ኪርያላይሶን ሲባል የሚሰማኝን ዓመቱን ሙሉ እናፍቀዋለሁ። ነገር ግን እየሰገድሁ፣ «የዘንድሮው መሪ ድምፁ እንዳምናው አይደለም» ብዬ ያሰብሁበት ጊዜ አለ። መስቀሉ ፊት ቆሜ የድምፅ ዳኛ ሆንሁ ማለት ነው። አውግስጢኖስም በዚያው መጽሐፉ ከሚዘመረው ቃል ይልቅ አዘማመሩ ልቡን ሲነካው እንደ በደለ ይቈጥረዋል። ሲጨነቅም የእስክንድርያውን አትናቴዎስን ያነሣል፤ አትናቴዎስ መዝሙረኛው ድምፁን እምብዛም ሳያወጣና ሳያወርድ፣ ከማዜም ይልቅ ለመናገር በሚቀርብ አኳኋን እንዲያነብ ያደርግ ነበር ብለው ነግረውኛል ይላል። ይህ አትናቴዎስ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ጳጳስ አድርጎ ወደ እኛ የላከው ነው። ከእርሱ እጅ ጳጳስ የተቀበለች አገር ግን በዜማ ጉዳይ በዚያ መንገድ አልሄደችም፤ ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉ ሦስት ዜማዎችን ይዛ ኖረች። መምህራን አራራይ የሚለውን ስም ሲፈቱ የሚያራራ፣ አንጀት የሚበላ ይሉታል። ያም ሆኖ ዐቢይ ጾም ሲገባ ከበሮውና ጸናጽሉ ይቀመጣሉ። እኔ ይህን የምረዳው ቤተ ክርስቲያን ጣዕሙን አላጠፋችውም፤ አስጾመችው እንጂ በማለት ነው። ሊቃውንቱ የተሻለ ምክንያት ይኖራቸዋል፤ ይህ የተማሪ ግምት ነው።

አውግስጢኖስን ግን በዚህ ብቻ ብተወው ያላግባብ እፈርድበታለሁ። እናቱ ሞኒካ እ.ኤ.አ. በ387 በኦስትያ ስታርፍ እንባውን በግድ ከለከለው። ያን ጊዜ ከወዳጆቹ አንዱ መዝሙረ ዳዊት አንሥቶ ማዜም ጀመረ፤ ቤተ ሰቡም ሁሉ ተቀበለው። እሱ ግን ሲቀብሩአትም አላለቀሰም። ታጥቦ፣ ተኝቶ ከነቃ በኋላ ብቻውን አልጋው ላይ ሳለ የአምብሮስዮስ መዝሙር ስንኞች መጡለት። ከዚያ ወዲያ ቀስ በቀስ እናቱ፣ ደግነቷና ርኅራኄዋ ትዝ አለው፤ እንባውንም ለቀቀው። የቴአትርን እንባ የነቀፈ፣ የዜማን ጣዕም የፈራ ሰው፣ ለገዛ እናቱ ማልቀስ የቻለው መዝሙር ትዝ ካለው በኋላ ነው። ኀጢአት ነው የሚለኝ ካለ አይሣቅብኝ፤ ይልቁንም ለእኔ ያልቅስልኝ በማለት ይናገራል። እንግዲህ ያ መዝሙር ያንኑ እሱ የፈራውን ጣዕም የያዘ ነው። ልዩነቱ የት እንዳደረሰው ነው፤ ወደ እናቱ ነው ያደረሰው።

ወደ ዩኒቨርሲቲ ልመለስ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ወደ አብሮ አደጌ ቤት ሄድሁ። ሰው ሁሉ ተበትኗል፤ ድንኳኑም ፈርሷል፤ ግቢው ባዶ ነው። እናቱ ቡና ሊያፈሉልኝ ተነሡ፤ እምቢ ብል አይሰሙኝም። ጥቂት ከተቀመጥን በኋላ ዓይናቸውን ከከሰሉ ላይ ሳያነሡ፣

«ልጄ፣ ያን ቀን ያቺ አልቃሽ ስለ ልጄ ምን ምን አለችለት? አገሩ ሁሉ ያወራዋል። እኔ እኮ አንድም አልሰማሁ፤ ጆሮዬ ተደፍኖ ነበር» አሉኝ።

ደነገጥሁ። ሰባቱንም ስንኞች በቃሌ አውቃቸዋለሁ፤ ያን ሌሊት ያሳፈረኝ ይኸው አልነበረምን? ብዋሻቸው ብዬም አስቤ ነበር። በኋላ ግን፣ «እማማ፣ ይዤዋለሁ» አልኋቸው፤ በዜማውም ሳይሆን ዝቅ ባለ ድምፅ እንደ ንባብ ነገርኋቸው። ጫማው ላይ ስደርስ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። እንባቸው እየወረደ ደግሞ ፈገግ አሉ።

«አዎን፣ ቅዳሜ ማታ ነው የወለወለው። ቀለሙን እኮ ከአባቱ ሰርቆ ነው» አሉ። ቀጥለውም፣ «እስቲ እሱን ድገምልኝ» አሉኝ።

ደገምሁላቸው። ጀበናው ገንፍሎ እሳቱ ላይ ፈሰሰ፤ አላነሡትም። ሦስተኛ ስደግመው እሳቸውም አብረውኝ አሉት።